መጀመሪያ ሥሩን አሳዩኝ

ባለፈው እትም «ስለ ቤት ውስጥ ኦርኪድ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። አላሳፈራችሁኝም፤ ደብዳቤው ጎረፈ። ችግሩ ፎቶው ነው። አብዛኞቻችሁ የላካችሁልኝ የቅጠል ፎቶ ነው። አንዳንዶቻችሁማ የታመመውን ትታችሁ ገና ሲገዛ ያማረበትን ጊዜ ነው የላካችሁት፣ ልክ እንደ ሟች ፎቶ። ሥሩን ያሳየችኝ አንዲት አንባቢ ብቻ ናት፤ እሷም አስባበት ሳይሆን ድመቷ ገልብጣባት ነው።

አልፈርድባችሁም። የመጀመሪያውን ኦርኪዴን የገደልኩት እኔም እንደዚሁ ቅጠል ቅጠሉን እያየሁ ነው። ጠወለገ ብዬ አጠጣሁ፣ ባሰበት ብዬ ጨመርኩ፣ በመጨረሻ ከማስቀመጫው አውጥቼ ሳየው ሥር የሚባል ነገር አልቀረውም። ቅጠል ወሬ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ቅጠሉ ላይ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በፊት ሥሩ ላይ የደረሰውን ነው።

ሁላችሁም የጻፋችሁልኝ ስለ አንድ ዓይነት ኦርኪድ ስለሆነ እኔም ስለዚያው ነው የምመልሰው። ፋሌኖፕሲስ ይባላል፤ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት፣ ሰፋፊ ቅጠልና ረጅም የአበባ ዘንግ ያለው። በግሪክኛ «የእሳት ራት የሚመስል» ማለት ነው። አበባውን ከሩቅ ካያችሁት ስሙ ይገባችኋል።

«ልጄ እንደምን ከረምሽ። ልጄ ለፋሲካ ያመጣችልኝ ነጭ ኦርኪድ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ቤቱን አድምቆልኝ ከረመ። አበባው ሲረግፍ ግን የተተከለበትን አይቼ አዘንኩ። አፈር የለውም፤ የእንጨት ስብርባሪ ብቻ ነው። ከግቢዬ ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅዬ ትልቅ ማስቀመጫ ውስጥ አዛወርኩት። አሁን ቅጠሉ እንደ ሰነበተ ጎመን ተልፈስፍሷል። ጠምቶት ይሆናል ብዬ በየጠዋቱ አጠጣዋለሁ፤ እሱ ግን ይብስበታል።»
እናት፣ ከአዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር

እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እውነትዎን ነው፣ ጠምቶታል። ግን የሚጠጣበት አፍ የለውም። ሥሩ በስብሷል። ለዚህ ነው ውሃ በጨመሩ ቁጥር የሚብስበት።

ለዚህ አበባ ጥቁር አፈር መቃብሩ ነው። የዘር ሐረጉ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ነው፤ እዚያ የሚኖረው መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተለጥፎ ነው። የኛም አገር ቢሆን እንዲህ ያሉ አሉት። ካፋ ደን ውስጥ የገባ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ ቅርንጫፍ ላይ ሥራቸውን አየር ላይ ዘርግተው የተቀመጡ ኦርኪዶች ያገኛል። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኤራንጊስ የሚባሉት፣ ነጭ አበባቸው ማታ ማታ ነው የሚሸተው። ሰው ጥገኛ ይላቸዋል፤ ስማቸው ያለ ጥፋታቸው ነው የሚጠፋው። ከዛፉ ምንም አይመጠምጡም፣ መቀመጫ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሥራቸው እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ልባስ አለው። ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ነፋስ ያደርቀዋል፣ ተመልሶ ብርማ ይሆናል። ይህንን ሥር ጭቃ ውስጥ ሲቀብሩት ይታፈናል፣ የታፈነውን ደግሞ ፈንገስና ባክቴሪያ ይበሉታል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ጋዜጣ ዘርግተው ከአፈሩ ያውጡት። ሥሩን ለብ ባለ ውሃ ቀስ አድርገው ይጠቡት፤ ከዚያ አንድ በአንድ በጣትዎ ጫን ጫን እያደረጉ ይፈትሹ። ጠንከር ያለው በሕይወት አለ። ቀለሙ አያሳስትዎት፤ ጨለማ ውስጥ የኖረ ጤነኛ ሥር ቢጫማ ሊሆን ይችላል። የሞተው ሲጫኑት ይሟሽሻል ወይም ባዶ ነው፤ ልባሱ ተንሸራቶ ይወጣና መሃሉ እንደ ክር ይቀራል። እሱን በሙሉ ይቁረጡ፣ አይሳሱለት። መቀሱን ግን አስቀድመው በምድጃው እሳት ያቃጥሉት፤ ኦርኪድን ከሚይዙት ቫይረሶች አንዳንዶቹ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፉት በመቀስ ነው፣ ለነሱ ደግሞ መድኃኒት የለም። የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋ ነካ ያድርጉ። ጤነኛው ሥር ላይ እንዳይነሰንሱት፣ ቀረፋ ያደርቃል።

አንድ ሌሊት እዚያው ጋዜጣ ላይ ይደር። ምንም አይሆንም፣ አይዘኑለት።

መትከያው የፓይን ዛፍ ቅርፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ አበባ የሚያፈሉ ሰዎች ጋ ይጠይቁ። በቂ ካላገኙ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ከሰል አጥበው፣ ካገኙት ቅርፊት ጋር ይቀላቅሉ። ከአናጺ ቤት የሚመጣው ፍቅፋቂ አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ተጠቅጥቆ እንደ አፈሩ ያፍነዋል። ማስቀመጫው ትንሽ ይሁን፣ የቀረውን ሥር ብቻ የሚይዝ። ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ሥሩን ሳይነቅሉ ያዩታል። እኔ ትልቁን የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር በስቼ ነው የምተክልበት። አያምርም፤ ግን ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ቆንጆ ማሰሮ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከታች ውሃ እንዳይጠራቀም እያየሁ።

ከተከሉት በኋላ ሦስት አራት ቀን ውሃ አይስጡት። ከዚያ ወዲያ በቀን ቆጥረው ሳይሆን ሥሩን አይተው ያጠጡ፦ ብርማ ሲሆንና ማስቀመጫውን ሲያነሱት ሲቀልልዎት። አዲስ አበባ ላይ እንደ ቤቱ ሁኔታ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አካባቢ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። የተሸበሸበው ቅጠል እንደ ድሮው ላይወጠር ይችላል፤ እሱን አይጠብቁ። አዲስ የሥር ጫፍ ካዩ ግን ድኗል ማለት ነው።

ሥሩ በሙሉ ቢጠፋስ? ያኔ የረጠበና በደንብ የተጨመቀ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ላይ ያስቀምጡትና ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል ሸፍነው ጥላ ባለው ብርሃን ያቆዩት። በየጥቂት ቀኑ ፌስታሉን ከፍተው ያናፍሱት። ወራት ይወስዳል፣ ሁልጊዜም አይሳካም። እኔ ከሦስት አንዱን ነው ያዳንኩት።

«እህቴ፣ ኦርኪዴ 9 እንቡጥ ይዞ ነበር። ሳይፈነዱ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ፣ የቀሩት 2 ናቸው። ሥሩን አይቻለሁ፣ አረንጓዴ ነው። ቦታውንም አልቀየርኩም፤ ሳሎን፣ ከረከቦቱ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።»
ከሳሚት

ከረከቦቱ ጎን! መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል የኔ እህት።

እንቡጥ የሚያረግፉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ድንገተኛ ብርድ፣ ጥማት፣ ከሱቅ ወደ ቤት የሚደረግ ጉዞ። ቤታችን ውስጥ ግን የማንጠረጥረው አለ፣ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ። ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው እሱን ነው፤ ከሰል ሲጨስም ይወጣል። ሙዝ ነጋዴ ጥሬ ሙዝ ዘግቶ በጭስ የሚያበስለው ለምን ይመስልሻል? ለሙዝ «ብሰል» የሚል ትእዛዝ ለኦርኪድ እንቡጥ «አርጅ» ማለት ነው። አንቺ በቀን አንዴም ሁለቴም ቡና ታፈያለሽ፣ ከሰሉ ገና ሳይግም ጭሱ ወደ አበባው ይሄዳል፣ በዚያ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሙዝና የአቮካዶ ሳህን ካለ ጨርሶታል።

ቡናውን ተዪ አልልሽም፣ አብደሻል ወይ እንዳትዪኝ። አበባውን አንሺው። እንቡጥ እስኪፈነዳ ድረስ መኝታ ቤት ምሥራቅ መስኮት አጠገብ ይቆይ። ከሰሉንም ውጭ አቀጣጥለሽ በደንብ ከጋመ በኋላ አስገቢው፣ መስኮትም ክፈቺ፤ ይሄኛው ምክር ከአበባው በላይ ላንቺ ነው።

«በየሳምንቱ ሻወር ቤት አስገብቼ ከላይ ጀምሬ አጥበዋለሁ፣ ደስ ይለው ነበር። ትናንት መሃሉ ላይ ያለውን አዲሱን ቅጠል ስነካው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ታቹ ጠቁሮ ይሸታል።»
ከሐዋሳ

አዝናለሁ። ይሄ የልብ መበስበስ ነው። ፋሌኖፕሲስ ቅጠል የሚያወጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከመሃሉ። ዛፍ ላይ ሲኖር ወደ ጎን አጋድሎ ስለሚያድግ ዝናቡ ይፈስለታል። እኛ ቀጥ አድርገን ስንተክለው ግን ያ ልብ ስኒ ይሆናል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይበሰብሳል።

የጠቆረውን በሙሉ አንስተህ በሶፍት አድርቀው። ፋርማሲ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ አድርግበት፤ መፍላቱ ሲያቆም በሶፍት ምጠጠው። ከዚያ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ከላይ ቅጠል ከእንግዲህ አያወጣም፣ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ሥሩና የታች ቅጠሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ግን አትጣለው፤ አንዳንዱ ከግንዱ ሥር በጎን በኩል ቡቃያ ያወጣል። ግማሽ ዓመትም ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለሌሎቹ ካሉህ ደግሞ ጠዋት አጠጣ፣ ውሃውን ቅርፊቱ ላይ አፍስስ፣ ልቡ ውስጥ ጠብታ ከገባ ሶፍት ጠቅልለህ አውጣው። አሥር ሰከንድ ነው።

«ግንቦት ላይ የገዛሁት ኦርኪድ ክረምቱን በሙሉ ደህና ነበር። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ወጣና ቆይቶ ጠቆረ። ፈንገስ ነው ብለው መድኃኒት ሸጡልኝ። ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ አላደረግኩትም፤ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ ነው።»
ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ አበባው አልተነቃነቀም፤ ፀሐይዋ ናት የተነቃነቀችው። ክረምት ላይ ፀሐይ ከራሳችን በላይና ወደ ሰሜን ናት፣ ደመናውም አለ። ከመስከረም በኋላ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ሰማዩም ይጠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በደቡብ መስኮት ሰተት ብላ ትገባለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የዚህን ከፍታ ፀሐይ እኛ ራሳችን አንችለውም።

ለማረጋገጥ የጥቁሩን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምርበት። ቃጠሎ ከሆነ ደረቅ ነው፣ ከመስመሩ አያልፍም፣ የሚገኘውም ፀሐይ በሚመታው በኩል ብቻ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ መስመሩን ካለፈ፣ እርጥብና ለስላሳ ከሆነ፣ ዙሪያው ቢጫ ከሆነ በሽታ ነው፤ ያኔ ከጤነኛው ክፍል ትንሽ ጨምረህ ቁረጠው። ያንተ ቃጠሎ ይመስለኛል። ስስ መጋረጃ ጋርድለት ወይም ወደ ምሥራቅ መስኮት ውሰደው። ቅጠሉን አትቁረጥ፣ አረንጓዴው ክፍል አሁንም ይሠራል። የገዛኸውን መድኃኒት አስቀምጠው።

«ሰላም ነው? እዚህ የምንገዛው ኦርኪድ ላይ በሳምንት 3 አይስ ኪዩብ አድርጉ የሚል ወረቀት አለ። እኔም እንደዛ ነው የማደርገው። አሁን ቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ ጠረጴዛውም ይጣበቃል። በረዶው ነው እንዴ?»
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በረዶው አይደለም። ስለ በረዶው እኔም ድሮ እሳደብ ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅርፊት ላይ በተተከለ ፋሌኖፕሲስ ሞክረው፣ በበረዶ የጠጣው በውሃ ከጠጣው የከፋ ጉዳት አላገኙበትም። ስለዚህ ስድቤን መልሻለሁ። ያም ሆኖ አልወደውም። ሥሩን በሙሉ አያረጥብም፣ ከውሃና ከማዳበሪያ የሚቀረውን ጨውም አያጥብም። በሳምንት አንዴ ሲንክ ውስጥ አስገብተሽ ለብ ያለ ውሃ በማስቀመጫው ውስጥ ብታፈሺበትና ተንጠፍጥፎ ብታወጪው ይሻላል።

ጥጡ ግን ተባይ ነው፤ ሚሊባግ ይባላል። የሚያጣብቀው የሱ ማር መሰል ፈሳሽ ነው። ዛሬውኑ ከሌሎች አበቦች ለዪው። 70 በመቶ አልኮል በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ነክረሽ አንድ በአንድ ጥረጊያቸው፤ ቅጠል ከግንድ የሚገናኝበት ስንጥቅ፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ የማስቀመጫው ከንፈር፣ ሁሉንም። አልኮሉን ልቡ ውስጥ አታፍስሺ። ሰዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ ጠርገው ጨረስን ይላሉ። እንቁላሉ አለ። በየሳምንቱ ቢያንስ ለአንድ ወር ደጋግሚው፤ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ምንም ካላየሽ ነው ነጻ የምትወጪው። ተመልሶ ተመልሶ ከመጣብሽ ሥሩ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነውና ቅርፊቱን በሙሉ ቀይሪ።

«ወንድምሽ ነኝ ከዱባይ። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ አበባ ግን የለም።»

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ነው። ፀሐይዋን ፈርታችሁ መጋረጃ ዘግታችሁ እንደምትውሉ አውቃለሁ። የሣር አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ስስ መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ አውጣው፣ የኤሲው ንፋስ ግን ቀጥታ አይምታው። ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው፤ የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ ጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይፈልጋል፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ። የዱባይን ታኅሣሥና ጥር ተጠቀምበት፤ ማታ መስኮቱን ከፈት አድርግለት። አዲስ አበባ ያለነው ይህን በነጻ ነው የምናገኘው።

«ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። እዚህ ውሃው ካልክ አለበት።»

ጨርሰሽዋል፤ ካልኩም (ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ) ነው፣ ማዳበሪያውም ነው። የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ ወይም በማጣሪያ ያለፈ ተጠቀሚ። ማዳበሪያ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህል ብቻ ስጪ፣ በወር አንዴ ደግሞ ያለ ማዳበሪያ ብዙ ንጹሕ ውሃ አሳልፊበት። ቅርፊቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሪው።

ስለ ሩዝ ውሃ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት ውሃ፣ ስለ ወተትና ስለ ሙዝ ልጣጭ የጻፋችሁ 11 ሰዎች፦ አውቃለሁ፣ ቲክቶክ ላይ አይቼዋለሁ። የደረቀ እንጨት በሦስት ቀን አበባ ሲያወጣ። ቪዲዮ መቁረጫ ያለው ሰው አሮን መሆን ይችላል። የሩዝ ውሃ ስታርች ነው፤ ቅርፊቱ ውስጥ ሲቀር የሚጠግቡት ፈንገሶችና ትንንሾቹ ዝንቦች ናቸው። የሙዝ ልጣጭ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ኤቲሊን ይዞ ይመጣል። ወተቱን ማኪያቶ አድርጉት።

በመጨረሻም ድመቷ።

«ድመቴ ገፍታ ጣለችው። ማስቀመጫው ተሰበረ፣ ከላይ ወደ አየር የወጡት ሥሮችም ብዛታቸው አስጠላኝ። ልቁረጣቸው? ደግሞ ቅጠሉን ነክሳዋለች፣ ትመረዛለች?»
ከገርጂ

እንዳትቆርጫቸው! ከመጣልኝ ፎቶ ሁሉ እንዳንቺ ያማረ ሥር አላየሁም፤ ወፍራም፣ ብርማ፣ ጫፉ ለምለም አረንጓዴ። ወደ አየር መውጣታቸው በሽታ አይደለም፣ ዛፍ ላይ ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚዘረጉት። በግድ ቅርፊት ውስጥ አትቅበሪያቸው፣ ይሰበራሉ። የተሰበረ ካለ የተሰበረበት ላይ ብቻ ቁረጪ፣ ሁለት ቀን ውሃ ሳታጠጪ አቆዪው፣ ከዚያ በበፊቱ ልክ ማስቀመጫ መልሰሽ ትከዪው። ፋሌኖፕሲስ ለድመት መርዝ አይደለም፣ ብዙ ከበላች ብታስታውክ ነው። አሁን የምትገዢው ማስቀመጫ ግን ከታቹ ከበድ ያለ ይሁን፣ ወይም ታቹ ላይ ሁለት ጠጠር ጣል አድርጊበት፤ ድመቷ እንደሆነች መንገዱን አንዴ አውቃዋለች።